ያልተሞከረው እጅ

በመሥሪያ ቤቱ «ፉጨት» ተብላ የምትጠራው የድምፅ ባለሙያዋ ናት። ስሙ የወጣላት ባለፈው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ «ውድ የሥራ ባልደረቦቼ» ከማለታቸው ድምፅ ማጉያው ጆሮ በሚበሳ ፉጨት ተቀበላቸው። የፊተኛው ረድፍ ጆሮውን ያዘ፤ የኋለኛው ሳቁን ዋጠ። ዳይሬክተሩም ጥፋት ከሰው እንጂ ከዕቃ አይመጣም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸውና፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ ልጅቷ ወደ መጣችበት መጋዘን ትመለሳለች ብለው ቆረጡ።

መጋዘኑ መስኮት የለውም። የድምፅ ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም ከላይ ሆኖ አዳራሹን የሚያሳይ መስታወት አለው፤ እሷም ሰው ሳያያት ሰው ማየት የምትወድ ዓይነት ናት። ደግሞ ከመጋዘን ያወጧት የአክስቷ ባል ናቸው፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው። እሷ ስትወድቅ እሳቸውም አብረው መቆሸሻቸው አይቀርም።

የፉጨቱ ምክንያት አልጠፋትም። ዳይሬክተሩ ማይክሮፎን ሲይዙ እጀታውን አይነኩትም፤ የሌባ ጉሮሮ እንዳገኘ ሰው ጭንቅላቱን ጥርቅም አድርገው ነው የሚይዙት። ጭንቅላቱ የታፈነ ማይክሮፎን ይጮኻል። ማንስ አይጮኽም?

የዘንድሮው ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጠዋቱ የሙከራ ነው። በዚህ ቤት «አንድ፣ ሁለት፣ ሄሎ» እያሉ መሞከር ከተከለከለ ቆይቷል፤ የዳይሬክተር ማይክሮፎን በተራ ቁጥር አይሞከርም። የሚሞከረው በራሳቸው ንግግር፣ በራሳቸው ቁመት ልክ ነው። ስለዚህ በቁመት የሚተካከሏቸው ሾፌራቸው መድረክ ላይ ወጥተው «ውድ የሥራ ባልደረቦቼ» ይላሉ። ዛሬም አሉ። ካሜራው ፊታቸውን ለካ፣ መብራቱ ግንባራቸው ላይ አረፈ፣ ድምፃቸው እንደ ማር ፈሰሰ። ለሙከራ የተቀመጡት ሠራተኞች ከልማድ አጨበጨቡላቸው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው እጃቸውን አራገፉና አለቀ፣ አበቃ አሉ።

ከሁለት ሰው በላይ ሲሰበሰብ ምላሷ የሚደርቀው ልጅ፣ ብቻቸውን እስኪሆኑ ጠብቃ ጠጋ አለቻቸው።

«ጋሼ፣ ሾፌሩ የያዙት በእጀታው ነው። እሳቸው ግን እንዲህ ነው የሚይዙት።» በጡጫዋ አሳየቻቸው። «ትንሽ ዝቅ አድርገው ይያዙ ቢባሉ...»

የአክስቷ ባል የዳይሬክተሩን ጢም ከርክሙልኝ ያለቻቸው ያህል አዩዋት።

«የኔ ልጅ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

ያም ሆኖ ነገሩን ችላ አሉ እንዳይባሉ ወደ ምክትል ዳይሬክተሩ ሄዱ። ምክትሉ ጉዳዩ የእጅ አያያዝ ጉዳይ ስለሆነ ጥናት ይፈልጋል አሉ። ማንንም አትፈራም የምትባለው ጸሐፊ፣ አንዴ ክራቫትዎ ተጣሟል ብላ የተናገረች ጊዜ የደረሰባትን እንደምታስታውስ ነግራ በሩን ዘጋች። ሾፌሩ፣ ጠዋት መድረኩ ላይ የተናገሩት ሰው አይመስሉም፣ እኔ የመኪና መሪ አያያዝ እንጂ የማይክሮፎን አላስተምርም ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ልጅቷ ተመለሰ፤ ሰውየውን ከመንካት ዕቃውን አስተካክዪ የሚል ትእዛዝ ሆኖ።

አስተካከለችው። ከንግግር ማድረጊያው ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠው የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማይክሮፎን ቀበረች። በእጅ የሚያዘውን ደግሞ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ድምፁን ዘጋችው። መብራቱ ይበራል፣ ሲያዩት የሚሠራ ይመስላል፤ ድምፅ ግን የለውም። እንደልባቸው አንቀው ይያዙት።

«ምን አደረግሽው?» አሉ የአክስቷ ባል።

«ተስተካክሏል ጋሼ።»

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ወጡ፤ እንደ ልማዳቸውም ማይክሮፎኑን አነቁ። አልጮኸም። ድምፃቸው ከአበባው እየወጣ አዳራሹን ሞላው። በሩ አጠገብ የቆሙት የአክስቷ ባል ላባቸውን ጠረጉ።

የሚጥም ድምፅ ግን ባለቤቱን ያሰክራል። ዳይሬክተሩ የራሳቸው ድምፅ ጣማቸው። የንግግር ወረቀታቸውን አጣጠፉና ዛሬስ መድረክ አይለየንም ብለው፣ ማይክሮፎናቸውን እንዳነቁ፣ ወደ ሕዝቡ ወረዱ። አበባው ሊከተላቸው አልቻለም።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከመስታወቱ በስተጀርባ የምታየው ከንፈር ሲንቀሳቀስና እጅ ሲወናጨፍ ብቻ ነው። ጣቷ የእጅ ማይክሮፎኑ መክፈቻ ቁልፍ ላይ ነበር። ብትከፍተው ይጮኻል፤ መጋዘን። ብትተወው አንድ ሰው እጁን አውጥቶ አይሰማም ይላል፤ ያም መጋዘን። ወደ አክስቷ ባል አየች፤ እሳቸው ጣሪያውን ያዩ ነበር።

እጁን ያወጣ ግን የለም። የፊተኛው ረድፍ ራሱን ይነቀንቃል። ምክትሉ አጎንብሰው ይጽፋሉ፤ ምን እንደሚጽፉ እሳቸው ይወቁ። ዳይሬክተሩ ክንዳቸውን ከፍ ሲያደርጉ ምክትሉ አጨበጨቡ፣ አዳራሹም ተከተለ። ዳይሬክተሩም ድምፃቸው እንደጠፋ አላወቁም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አክስቷ ሁልጊዜ ዝም አይነቅዝም ትላለች። ልጅቷ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች።

ዳይሬክተሩ ብዙ ቆይተው ወደ መድረኩ ሲመለሱ አበባው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዘላቸው፤ «...ይህንንም ከልቤ የምነግራችሁ ስለማምናችሁ ነው።» አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

ከስብሰባው በኋላ ወደ ድምፅ ክፍሉ ራሳቸው መጡ፤ ከዚያ በፊት ደጁን ረግጠውት አያውቁም። ምክትሉ አንዲት ቃል እንኳ አላመለጠችኝም እንዳሏቸው ነገሯት። ማይክሮፎኑን ጭንቅላቱን ይዘው አቀበሏት።

«ይቺ ለኔ ብቻ ትቀመጥ» አሉ። «አንቺም እዚሁ ነሽ።»

ዳይሬክተሩ ሲወጡ፣ ተከትለዋቸው የመጡት የአክስቷ ባል በሩን ዘግተው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ከመድረክ ወርደው ምን አሉ?»

«አልሰማሁም ጋሼ።»

«እኔም አልሰማሁም። ዘገባውን ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

የስብሰባውን የድምፅ ቅጂ መልሳ ከፈተችው። ረጅም ጸጥታ፣ መሃል መሃል ላይ ጭብጨባ።

«ጭብጨባው በደንብ ተቀድቷል» አለች። «እሱን ይጻፉ።»

የአክስቷ ባል እስክሪብቷቸውን አወጡ። እሷም የዳይሬክተሩን ማይክሮፎን ባትሪዎች አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው።