የቁልፌ የደረት ጨርቅ

ልጆቼ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ሳይለካ መቁረጥ አይሆንለትም። ጥፋቴን ከመናገሬ በፊት ይህቺን ያዙልኝ።

የልጅ ልጄ ስድስት ወር ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አፍንጫው የሸሚዝ ቁልፍ ስለምታህል «ቁልፌ» እያልኩ ነው የምጠራው። እናቱ፣ ማለትም ልጄ፣ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ጠብታ ስትለካ የምትውል ሰው ናት። ጠዋት ጠዋት አጥብታው፣ የቀን ወተቱን በጡጦ አስቀምጣ፣ ለእኔና ለባለቤቴ ትታው ትወጣለች። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋለች፦ «የመጀመሪያ ምግቡ፦ እሑድ፣ ካሮት፣ በእኔ እጅ።» «በእኔ እጅ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስምራባታለች።

ረቡዕ ጠዋት ጫማዋን እያጠለቀች፣ «አባዬ፣» አለችኝ፣ «ከእሑድ በፊት አንዲት ነገር አፉ ብትገባ፣ ሕፃናት ማቆያ ነው የማስገባው። ቦታ መኖሩንም ጠይቄያለሁ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«ገና አላደረግህም። ፊትህን ግን አውቀዋለሁ።»

ማቆያ! ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ደንበኛ መቀበል ትቻለሁ። ቁልፌ ከሄደብኝ ከስፌት መኪናዬ ጋር ተፋጥጠን መዋላችን ነው። ስለዚህ ለመታዘዝ ከልቤ ቆረጥኩ። እሷ ግን በሩን ከፍታ ከወጣች በኋላ ተመልሳ አንገቷን አስገባች።

«ደግሞ ለእሑድ የደረት ጨርቅ ስፋለት። አዲሱ ምንጣፍ ላይ ጠብ እንዳይል!»

እስቲ ፍረዱኝ! ምግቡ ወዴት እንደሚበር ሳላውቅ ጨርቁን እንዴት አድርጌ ልቅደደው? በግራ ይተፋ ይሆን? በቀኝ? የሰው ሱሪ እንኳ ሁለቴ እያስሞከርኩ ነው የኖርኩት።

ባለቤቴ ገበያ እስክትሄድ ጠበቅሁ። አንዲት ካሮት እስክትልም ቀቅዬ፣ ደቁሼ፣ በወንፊት አጠለልኳት። ቁልፌን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኩትና የጨርቁን ልክ የማወጣበትን የቅድ ወረቀት ደረቱ ላይ ዘረጋሁለት። ማንኪያዋን ሳቀርብ ከንፈሩን እንደ ዚፕ ዘጋው። ብለምነው፣ ባባብለው፣ ወይ ፍንክች!

ተስፋ ቆርጬ ሌላ ወረቀት ላስተካክል ብዬ ራቅ አልኩና መቀሴን አነሳሁ። ቀጭ ቀጭ! በድምፁ ተገርሞ አፉ ቧ ብሎ ተከፈተ። እኔም ሆዬ መቀሱን ጥዬ ማንኪያዬን ሸጎጥኩ። ሱሪው አጥሮ እንደተሰፋበት ደንበኛ ፊቱን አጨማደደና፣ ጱ! በግራ በኩል። ወረቀቱ ላይ ያረፈበትን ቦታ ዙሪያውን በእርሳስ ከብቤ «አንድ» ብዬ ጻፍኩበት። በአንድ ልኬት ደግሞ ልብስ አይቆረጥም። ሁለት አልኩ። ሦስት አልኩ። ሁሉም በግራ! በዚያው መጠን በግራ በኩል ክንፍ ያለው የደረት ጨርቅ ቀደድኩለት።

ባለቤቴ እንደተመለሰች ልጁን አቅፋ ጆሮውን ትኩር ብላ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቢጫ ነገር ምንድን ነው?»

«ፀሐይ ይሆናል። በመስኮት እየገባች እኮ ነው።»

በጣቷ ጠርጋ ቀመሰችው። «ፀሐይቱ ካሮት ካሮት ትላለች።» ጠረጴዛ ሥር የወደቀውን የቅድ ወረቀት አነሳች፣ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። «እኔ ምንም አላየሁም። ስጠየቅ ግን አልዋሽም።»

እሑድ ደረሰ። ልጄ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ባሏ በስልኩ እየቀረጸ፣ ቁልፌ አዲስ ወንበሩ ላይ ተሰየመ። የደረት ጨርቁን ስታስርለት ቆም አለች።

«አባዬ፣ ይሄ ክንፍ ምንድን ነው?»

«ፋሽን ነው፣ ልጄ።»

ማንኪያዋን አቀረበች። ዚፕ! ዘፈነችለት። ዚፕ! ማንኪያዋን አውሮፕላን አድርጋ ጭንቅላቱ ላይ አዞረቻት፤ ዓይኑን ብቻ አዞረ። ባሏ ቀስ ብሎ፣ «ቀረጻውን ላቁመው ይሆን?» ሲላት ጊዜ የታችኛው ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«ለዚህች ቀን ስንት ጊዜ ነው ያሰብኩት። ከእኔ ከእናቱ እጅ አልበላም አለ እኮ!»

ያቺን ከንፈር አውቃታለሁ። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች አሻንጉሊቷ በተቀደደች ጊዜም እንደዚሁ ነበረች። መቀሴ ከኋላዬ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል። ባንቀሳቅሰው ጉዴ ይፈላል፣ ቁልፌም ማቆያ ይገባል። ዝም ብል ልጄ ማልቀሷ ነው። ባለቤቴን ባያት ጣሪያውን ታያለች።

እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ። ቀጭ ቀጭ።

ቁልፌ እንጥሉ እስኪታይ አፉን ከፈተ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ዋጠ፤ ልጄም በደስታ ጮኸች። ሁለተኛዋን፣ ጱ! በግራ፣ ክንፉ መሐል ላይ። ምንጣፉ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ልጄ ክንፉን አየች። መቀሱን አየች። ከዚያ እኔን።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ስንት ማንኪያ?»

«አንድ።» ባለቤቴ አሳለች። «ሁለት።» ደግማ አሳለች። «ሦስት፤ ሦስተኛዋ ግን ግማሽ ነበረች!»

ባለቤቴ ከኪሷ ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ልጄ በሦስቱ ክቦች ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ እንደ ሐኪም ማዘዣ አገላብጣ አነበበችው። ባሏ አፉን በእጁ ይዞ ትከሻው ይርገፈገፋል። እሷም ላለመሳቅ ብዙ ታገለች፣ አልሆነላትም።

«ለመለካት ነው?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እውነት ለመለካት ነው፣ አባዬ?»

«ታዲያ አንቺ ሳትለኪ መድኃኒት ትሰጫለሽ?»

ማቆያ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። ሰኞ ጠዋት ግን ወደ ሥራ ስትወጣ ቦርሳዋ ይንኳኳል። ለካ የቤቱን ማንኪያ ሁሉ ለቃቅማ ይዛ ሄዳለች።

እኔና ባለቤቴ ይኸው ሻያችንን በሹካ እያማሰልን እንጠጣለን። ቁልፌም ከጎኔ ተቀምጦ ክር በቆረጥኩ ቁጥር አፉን ይከፍትልኛል።