የቅዳሜው ሰላምታ

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ፤ ሀሊሜ አልመጣችም።

ትንቢት ከጤና ጣቢያው ጀርባ በተሰጠቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለቱን የፕላስቲክ ወንበሮች ፊት ለፊት አድርጋ፣ ሶፍቱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ ሀሊሜ አንድ ማክሰኞ አርፍዳ አታውቅም። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሳጉሬ ተነስታ አሰላ ትገባና፣ ክፍሉ ሳይከፈት ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ትገኛለች። "ቲቸር፣ ዛሬም ቀደምኩሽ" ማለት የዘወትር ቃሏ ነው። ዛሬ ደጁ ላይ ማንም የለም፤ ስልኳም ዝግ ነው። ትንቢት አምስት ጊዜ ደወለች። ስድስተኛውንም ሞከረች።

እንግዲህ ትንቢት ገና ተማሪ ናት። ደብረ ሲና ተወልዳ፣ በምደባ ሳጉሬ መጥታ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተማረች። ልጆቹ ከክፍል በኋላ እየመጡ የሚያወሯት ነገር ከትምህርቱ ቢብስባት ጊዜ ወደ አሰላ ተዛውራ የአእምሮ ጤና ምክር ማስተርስ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ሰው አላስቀምጥ አለች። ላገኘችው ሁሉ "ይሄ ነገር ምን ስሜት ፈጠረብህ?" ነው። አከራይዋ እማማ ተሻለች "ሽንኩርት ተወደደ ስላት ምን ተሰማዎት ትለኛለች! ምን ይሰማኛል፣ መወደዱ ነዋ!" እያሉ ለጎረቤት ያወሩባታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች፤ ግን አልተወችም። አሁን የመጨረሻው ዓመት ላይ ደርሳ የቀራት የተግባር ልምምዱ ብቻ ነው። የሚከታተላት ሱፐርቫይዘር ዶክተር ወንደሰን ይባላል። ሀሊሜ ደግሞ ከተገልጋዮቿ ሁሉ የከበደቻት፣ እውነቱን ለመናገርም አብልጣ የምትወዳት ናት።

ሀሊሜ የሳጉሬ እህል ነጋዴ ነች፤ አርባዎቹን የጀመረች፣ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና። ባሏ ቀደም ብሎ ነው የሞተው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ አንድያ ልጇን ነቢላን አተኮሳት። ሀሊሜ "ጉንፋን ነው" አለች፤ ሻይ አፍልታ ሰጠቻት፣ ብርድ ልብስ ደረበችላትና፣ ቅዳሜ ነበርና ገበያ ወጣች። ስትመለስ ልጅቷ መናገር አቅቷት አገኘቻት። ሰኞ ቀበሯት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀሊሜ ገበያ ወጥታ አታውቅም፤ ስንዴዋን የምትሸጥላት የባሏ እህት ፋጡ ናት።

በአራተኛው ሳምንት ላይ ሀሊሜ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት። መጋዘን ውስጥ ያለውን የነቀዝ መድኃኒት አንዳንድ ቀን ቁጭ ብላ እንደምታየው። ትንቢት ደነገጠች፤ ቢሆንም የተማረችውን አልረሳችም። መድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ፋጡ ዘንድ እንዲሆን ተስማሙ፤ የፋጡ ስልክ ተመዘገበ፤ ዶክተር ወንደሰንም አወቀ። ያኔ "አንድ ነገር አድምጪ" ብሏት ነበር። "ስለሚመጣው ቅዳሜ ማውራት ስትጀምር፣ መኖር ማሰብ ጀምራለች ማለት ነው።"

ባለፈው ማክሰኞ ሀሊሜ አወራች። "ቅዳሜ ልሞክረው?" አለች የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች። "አንድ ኬሻ ብቻ ይዤ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?"

ትንቢት ተነስታ ልትስማት ምንም አልቀራት።

ቅዳሜ ደረሰ። ትንቢትን አላስችላት አለ። "ከድሮ ትምህርት ቤቴ ደብዳቤ ላወጣ" ብላ ሳጉሬ ሄደች፤ እውነቱ ግን ሀሊሜን በዓይኗ ልታይ ነው። እህል ተራው ጋ ስትደርስ አየቻት። አንድ ኬሻ ስንዴ ከፊቷ፣ ቁና በእጇ፣ አዲስ አረንጓዴ ሻሽ በራሷ ላይ። ሀሊሜም አየቻት። ቁናውን አስቀመጠች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ቀና ብላ ጠበቀች።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ትንቢት የተማረችው ደንብ፣ ተገልጋይሽን መንገድ ላይ ብታገኚ ቀድመሽ ሰላም አትበይ ይላል። ምናልባት ካንቺ ጋር መተዋወቋ እንዲታወቅባት አትፈልግም፤ እሷ ሰላም ካለችሽ ብቻ መልሺ። የሰው ገመና የሚጠብቅ ደግ ደንብ ነው፤ አልነቅፈውም። ሳጉሬ ላይ ግን የተቀመጠን ሰላም የሚለው አላፊው ነው፤ ታላቅን ሰላም የሚለው ታናሹ ነው። ሀሊሜ ተቀምጣለች፣ ታላቅም ናት፤ ስለዚህ ትንቢት ሰላም እስክትላት ትጠብቃለች። ትንቢት ደግሞ ተገልጋይዋ እስክትጀምር ትጠብቃለች። እንዲህ ተያይተው ቆዩና ትንቢት ዓይኗን ሰብራ አለፈች። ያም ሳይበቃት በራሷ ኮራች። ለዶክተር ወንደሰን በምትሰጠው የሳምንቱ ሪፖርት ላይ "ገበያ ውስጥ ባገኛትም ሙያዊ ወሰኔን ጠብቄአለሁ" ብላ ጻፈች። ወይ መኩራት!

ስድስተኛውም ጥሪ አልገባ ሲላት ፋጡ ጋ ደወለች።

"ቲቸር? አንቺ ነሽ እንዴ?" አለች ፋጡ። "እኔ እኮ አንቺ ጋ መጥታለች ብዬ ነው የተቀመጥኩት!"

"አልመጣችም። ቁልፉ የት ነው?"

"የ... የሳጥኑ?" አለች ፋጡ።

"ፋጡ፣ ቁልፉ!"

"እሁድ ተቀበለችኝ። 'ገበያ ወጥቻለሁ፣ ድኛለሁ፣ ስንዴው ሊነቅዝብኝ ነው' አለችኝ። እኔ ምን ላውቅ? እውነትም ድናለች ብዬ ሰጠኋት፣ ያ ረቢ!" አለች ፋጡ። "ቲቸር፣ ቅዳሜ ምን አድርጋሽ ነው? ዘግታኝ አለፈች አለችኝ እኮ። 'የልጄን ነገር የነገርኳት ሴት ሰው ፊት ተጸየፈችኝ፤ እሷ ካላወቀችኝ ማን ያውቀኛል' አለችኝ።"

ትንቢት ቦርሳዋን አነሳች። "ቤቷ ሂጂ፣ አሁኑኑ። ጎረቤት ጥሪ" አለችና ወደ ሱፐርቫይዘሯ ሮጠች።

ዶክተር ወንደሰን ቢሮው ውስጥ ሆኖ እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት። "የሰላምታውን ነገር መጀመሪያ ቀን አስረድተሻት አልነበረም? የስምምነት ቅጹ ላይ አለ እኮ፤ ተራ ቁጥር ዘጠኝ።"

ቅጹ አሥራ አራት ነጥብ አለው። ያን ቀን ሀሊሜ ታለቅስ ነበር። ትንቢት አራቱን አነበበችላትና "የቀረው ያው ነው" ብላ ገልጣ አስፈረመቻት። ከዚያ አሥራ አራቱም ፊት ለፊት "ተብራርቷል" በሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

"አላነበብኩላትም፣ ዶክተር። ምልክት ግን አድርጌበታለሁ።"

ወንደሰን ዓይኑን ጨፈነ። "ያንን ኋላ እንነጋገርበታለን" አለ ስልኩን እያነሳ። "አምቡላንስ ይዤ ከኋላሽ እደርሳለሁ። አንቺ ሂጂ። ሩጪ!"

መናኸሪያው ውስጥ የሳጉሬው ሚኒባስ ሁለት ሰው ጎድሎታል። ሾፌሩ ካልሞላ አልነቃነቅም ብሎ መሪው ላይ ተደግፏል። "የሁለቱንም ቦታ እኔ እይዘዋለሁ፣ ሰው እየሞተብኝ ነው!" ብላ ስትጮህበት ሞተሩን አስነሳ። የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ግራና ቀኙ ያልታጨደ ስንዴ ነው፤ ዝናብ መስኮቱን ይመታል። ከዚህ በፊት ይህ መንገድ ለትንቢት እንዲህ ረዝሞ አያውቅም። ከጎኗ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አየት አደረጓትና "ልጄ፣ ለቅሶ ነው የምትሄጂው?" አሏት። አልመለሰችላቸውም። አዎ እንዳትል ፈራች።

የሀሊሜ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቷ ሚፍታ ዲጅኖ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል።

"ውስጥ ነች" አለች ፋጡ እየሮጠች መጥታ። "ከውስጥ ቀርቅራለች። በሩን ብትነኩ እውጠዋለሁ ብላናለች። ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰችም።"

ትንቢት በሩን ተጠጋች። አፏ የለመደውን አወጣ። "አዴ ሀሊሜ፣ አሁን በጣም ከባድ ስሜት ውስጥ እንደሆኑ ይገባኛል..." አለችና ቃሉ ለራሷ ጆሮ እንኳ ሲቀልባት አቋረጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረችው ሁሉ ጥሏት ጠፋ። አንድም የሚያዋጣ አረፍተ ነገር አልነበራትም፤ የሚታያት ያ ቀና ብሎ የጠበቃት ፊት ብቻ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም" አለች።

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት።

"አሰላሙ አለይኩም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሦስተኛ ጊዜ አለች። ፋጡ እያለቀሰች ነጠላዋን ጎተተቻት። "በቃ ቲቸር። ሦስት ጊዜ ብሎ መልስ ያጣ ሰው ከደጅ ይመለሳል፤ ደንባችን ነው።"

"ደንብ ስጠብቅ ነው እዚህ ያደረስኳት" አለች ትንቢት። ጭቃው ላይ ተንበረከከችና አፏን ከበሩ ስንጥቅ አስጠጋች። "አሰላሙ አለይኩም፣ አዴ ሀሊሜ። ይሄ የቅዳሜው ነው። እርስዎ ተቀምጠው ነበር፤ አላፊዋ እኔ ነበርኩ፤ ሰላም ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አካም ጂርታን? ፈያዳ? ገበያው እንዴት ዋለ? ስንዴው እንዴት ነው? ሻሽዎ አዲስ ነበር፣ አረንጓዴ፤ አይቼዋለሁ። ሳጉሬ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ አይደለም፤ እርስዎን ላይ ብዬ ነው። እባክዎ ይመልሱልኝ። ሌላው ቢቀር ይሰደቡኝ... ይስደቡኝ።" ምላሷ ተሳስሮባት፣ እንባና ዝናቡ ተቀላቅሎባት አገጯ ላይ ይወርዳል።

ሚፍታ ዲጅኖውን አንስቶ መልሶ አወረደው።

"ወአለይኩሙ ሰላም" አለ ያ ጎርናና ድምፅ።

ፋጡ አፏን በእጇ ያዘች።

"ለምን አለፍሽኝ?" አለች ሀሊሜ ከበሩ ወዲያ።

"የትምህርታችን ደንብ ነው። ተገልጋይ ካልጀመረች አትጀምሪ ይላል። እርስዎን ሰው እንዳያውቅብዎ ተብሎ ነው። የፈረሙበት ወረቀት ላይ ተጽፏል።"

"ፈርሜበታለሁ?"

"ፈርመዋል። እኔ ግን አላነበብኩልዎትም። ሲያለቅሱ ቸኮልኩና ዘለልኩት። አንብቤላታለሁ ብዬ ዋሽቼ ምልክት አደረግኩበት።"

"እኔ እኮ በነቢላ ፈርዳብኝ ነው ብዬ..." አለች ሀሊሜ፤ ቃሉን አልጨረሰችውም። ትንቢት ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ "በጭራሽ፣ በጭራሽ" ትላለች።

መቀርቀሪያው ተሳበ። ሀሊሜ አረንጓዴ ሻሿን እንዳደረገች ቆማለች፤ ቀኝ እጇ ተጨብጧል። ፋጡ ዘላ እጇን ያዘችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች። መድኃኒቱ አልተከፈተም። ሀሊሜ ፋጡ ትከሻ ላይ ወደቀች፤ ትንቢትን ግን አላየቻትም። አምቡላንሱ ሲደርስና ወንደሰን ደግፎ ሲያስገባትም አላየቻትም።

ሀሊሜ አሰላ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኛች። ትንቢት ስለ ቅጹ በእጇ ጽፋ ለወንደሰን ሰጠችው፤ እሱም ለኮሌጁ አቀረበ። የተግባር ልምምዷ ተሰረዘ፤ ዓመቱን ልትደግም ነው። የክፍል ጓደኞቿ የምረቃ ጋውን ሲለኩ እሷ እማማ ተሻለች ቤት ተሸፋፍና ተኛች። እማማም ያን ሰሞን አልቀለዱባትም። ቆሽቷን ያሳረረው ግን እሱ አልነበረም። ሀሊሜን ከእንግዲህ የሚያያት ወንደሰን ነው፤ ትንቢት እንዳትጠይቃት ተከልክላለች። በየቀኑ እየደወለች "እንዴት ነች?" ትለዋለች። "አለች" ይላታል። ከዚያ በላይ ቃል አይጨምርም፤ የተገልጋይ ሚስጥር ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አርብ፣ ትንቢት የልምምዷን መሰረዣ ወረቀት ልታስፈርም ወንደሰን ቢሮ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። የቢሮው በር ተከፈተና ሀሊሜ ከፋጡ ጋር ወጣች። ከስታለች፤ ሻሿ ያው አረንጓዴው ነው። አሁን የተቀመጠችው ትንቢት ናት፣ አላፊዋ ሀሊሜ። በትምህርቱም ደንብ፣ በሳጉሬም የአላፊና የተቀማጭ ደንብ፣ ቀድማ ሰላም የማለት ተራው የሀሊሜ ነው። ሀሊሜ መሬት መሬት እያየች መጣች፤ አጠገቧ ደረሰች፤ አለፈቻት።

ትንቢት ተነሳች። "አሰላሙ አለይኩም" አለች ከጀርባዋ።

ሀሊሜ ቆመች። "ወአለይኩሙ ሰላም" አለች፤ አልዞረችም። ሰላምታ ስለማይቀር ብቻ የተመለሰ ሰላምታ ነበር፤ ከዚያ ላይ አንድ ቃል አልጨመረችም። መንገዷን ቀጠለች። ትንቢት እጆቿን የምታደርግበት አጥታ እዚያው ቆማ ቀረች።

ሀሊሜ የውጪው በር ጋ ስትደርስ ድምጿን ከፍ አደረገች። ከፋጡ ጋር ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ ትንቢት አንድ ቀን እንኳ እርስ በርሳቸው አማርኛ ሲነጋገሩ ሰምታ አታውቅም። አሁን ግን ሀሊሜ በአማርኛ፣ ኮሪደሩ ሙሉ በሚሰማው ድምፅ፦

"ፋጡ፣ ነገ ቅዳሜ ነው አይደል? ሁለት ኬሻ አውጪልኝ" አለች።

ትንቢት አግዳሚው ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።