የሜርቭ ቦታ

"ስልክህን አምጣ" አለችው ኖሊን፣ ጀልባዋ ገና ከባሕሩ ዳርቻ ሳትርቅ።

ዴዝ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ አያት። "ስልኬ ደግሞ ምን አደረገሽ?"

"አምጣ አልኩህ እኮ።"

ሰጣት። ስልኩን ከሳንድዊቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ የሚሄዱበትን ቦታ መዝግቦ ለሌላ እንዳይሰጥ አቅጣጫ የሚያሳየው ስክሪን ላይም ፎጣ ጣል አደረገችበት። ዴዝ ከሟቹ ባሏ ከሜርቭ ጋር አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ባሕር ዓሣ ያጠመደ ሽማግሌ ነው። እንደ ሌባ መፈተሹ ሳያሳፍረው አልቀረም፤ ግን ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ዝም አለ። ዝምታው ይበልጥ አናደዳት። ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሰድበኝ ነበር አለች በልቧ።

ሄርቪ ቤይ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማቸው ሰው መኪናውን ያውስሃል፣ የቤቱን ቁልፍ ይተውልሃል፤ ዓሣ የሚያጠምድበትን ቦታ ግን ቢሞት አይነግርህም። ሜርቭ ሰፊው አሸዋ መካከል አንዲት ጎድጓዳ ቦታ ነበረችው። በጥር ሙቀት የባሕሩ ውሃ መሙላት ሲጀምር፣ ፍላትሄድ የሚባሉት ራሰ ጠፍጣፋ ዓሦች እዚያ አሸዋ ለብሰው ይተኛሉ። ቦታዋን የሚያውቁት እሱ፣ ኖሊንና ዴዝ ብቻ ነበሩ። ሜርቭ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ግን የማታውቀው ጀልባ እዚያው መልሕቅ ጥሎ አየች። ከሦስቱ አንዱ ሞቷል፤ እሷ ደግሞ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የቀረው ዴዝ ነው።

ይህንኑ ለዓሣ አጥማጆቹ ክበብ ሴቶች ሹክ አለች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ማታ ክበቡ የሽልማት ዕጣ ሲያወጣ ዴዝ ቢራውን ይዞ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ዛሬም ዓርብ ነው፤ ማታ ዴዝ ከአባልነት ይሰረዝልኝ ብላ ልትጠይቅ ቆርጣለች። ይዛው የወጣችውም ከባለጀልባው ጋር ሲገናኙ ዓይኑን ለማየት ነበር።

ጀልባው ዛሬም እዚያው ቆሟል።

"ወዳጅህ ቀድሞናል" አለች።

"አላውቀውም።"

"አዎ፣ ከየት ታውቀዋለህ። ሜርቭ ከሰማይ ደውሎ ነግሮት ይሆናል።"

ዴዝ ወደ ማጥመጃው ዞረ። መንጠቆው ላይ ሽሪምፕ ሲሰካ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኖሊን ያንንም እንደ ማስረጃ ያዘችው፤ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው እጅ መሆኑ ትዝ አላላትም።

ቀስ ብላ ተጠጋች። ባለጀልባው አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ። "ወይዘሮ ኖሊን፣ እንደምን አደሩ። ግራንት ነኝ፣ ፍሪጅዎን የሠራሁት።"

ኖሊን ሰላምታውን አልመለሰችም፤ ዴዝን ነበር የምታየው። ዴዝ መንጠቆውን ነበር የሚያየው።

"ይህን ቦታ ማን አሳየህ?" አለችው ግራንትን።

"እርስዎ ነዎት እንጂ።"

"እኔ?"

"የቀብሩ ዕለት የታደለው ወረቀት ላይ ነው ያየሁት። ጋሽ ሜርቭ ያንን ትልቅ ዓሣ ሳይለቁት በፊት እየሳቁ አቅፈው የተነሡት ፎቶ አለ አይደል? ከኋላቸው የኮረብታው የውሃ ታንከር ልክ ረጅሙ ጥድ አናት ላይ ገጥሞ ይታያል። ያንን መስመር ይዤ ውሃው እስኪጎደጉድ ድረስ መምጣት ብቻ ነበር።" ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቅር ካለዎት አሁኑኑ እሄዳለሁ።"

ኖሊን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ቀና አለች። ታንከሩ ጥዱ አናት ላይ ቁጭ ብሏል። ፎቶውን ያነሣችው እሷ፣ ሁለት መቶ ቅጂ አሳትማ ያስታደለችውም እሷ። ሜርቭ ያንን ፎቶ ከመሳቢያው አውጥቶ ለማንም ያላሳየው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት።

"ቆይ፣ አትሂድ" አለችው ግራንትን። ከዚያ ወደ ዴዝ ዞረች። "ታውቅ ነበር?"

"ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወረቀቱን ስቀበል ነው ያየሁት።"

"ታዲያ ስምህን ሳጠፋ ምን ዝም አሰኘህ?"

ዴዝ ክሩን ወደ ውሃው ወረወረ። "ሜርቭ የሳቀበት ሌላ ፎቶ አለሽ?"

አልነበራትም። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖራ ያለቻት ያቺው አንዲት ነበረች። ኖሊን አለቀሰች፤ ዴዝም እስክትጨርስ ክሩን እያየ ጠበቃት።

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና "የክበቡ ማይክሮፎን ማን ጋ ነው የሚሆነው?" አለችው።

"ዕጣ የሚያወጣው ሰውዬ ጋ። ተይው ባክሽ ኖሊን፣ ሴቶቹ መሳቂያ ያደርጉሻል።"

"ያድርጉኝ፤ ቦታውን ያጋለጥኩት እኔ ነኝ። ሰው የሚበዛው ዕጣው ሳይወጣ ነው ከወጣ በኋላ?"

ዴዝ ትንሽ አሰበ። "ሳይወጣ" አላት።

"እንግዲያው ሳይወጣ እነግራቸዋለሁ።"