መርፌ እንዳይነካት

እታለም «ሃይማኖታችን ክትባት አይፈቅድም» ብላ የዋሸችው ለሕፃናት ጤና ጣቢያዋ ነርስ ነው። እንዲያው በከንቱ! ለክርክር ወገቧን ታጥቃ ብትሄድ፣ ነርሷ «እዚህ አገር ግዴታ የለም፤ ምርጫው የወላጅ ነው» ብላ በፈገግታ ሸኘቻት።

የከለከለ ሃይማኖት አልነበረም። የከለከለው የእታለም ስለት ነው። የመጀመሪያ ልጇ ካርቱም ውስጥ በተከተበ ሰሞን ሞቶባታል። ሐኪሞቹ የገደለው ወባ ነው ቢሏትም አልሰማቻቸውም። ኦስሎ ገብታ ሄርሜላን ስታረግዝ፣ «ኪዳነ ምሕረት፣ ይቺን ካቆየሽልኝ ሰውነቷን መርፌ አይነካውም» ብላ ተሳለች። ይህን ለንስሐ አባቷ ለአባ ራጉኤል ትንፍሽ አላለችም። «ሂጂና አስከትቢያት» እንደሚሏት ልቧ ያውቀዋላ።

ሄርሜላ አምስት ዓመት ሞላት፤ ስለቱም የሠመረ መሰለ። በዚህ መሀል የኦስሎው ሃውገሩድ ሰፈር ጎረቤቷ ምኞት ሃይማኖት የምትባል ሴት ልጅ ወለደችና እታለምን የክርስትና እናት ሁኚልኝ አለቻት። በሰው አገር አበልጅ ማለት እኅትም እናትም ናት። እታለም ደስታዋን አልቻለችውም።

የክርስትናው ዕለት ጠዋት ሄርሜላ አተኮሳት። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ይዝረበረባል። አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቀው ገና መመለሳቸው ነበር። ባሏ በየነ፣ «እኔ ከሷ ጋር ቤት ልዋል፤ አንቺ ሂጂ» አላት።

«ናይ፣ አይሆንም! ጉንፋን ነው። ጧፍ ትይዛለች ብዬ ለምኞት ነግሬያታለሁ። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የባሰበት ማን አለ?»

እውነቱ ይነገር ከተባለ ያታለላት ቀሚሱ ነው። ለእናትና ለልጅ አንድ ዓይነት ጥልፍ አሰፍታ አምጥታ ነበር።

ሄርሜላ ጧፏን ይዛ ከማጥመቂያው ገንዳ አጠገብ ቆመች። እታለም ሕፃኗን ሃይማኖትን ከውኃው ተቀብላ ስታቅፋት፣ ሄርሜላ አንገቷን አስግጋ ግንባሯን ሳመቻት። ሰዉ «እሰይ፣ እኅት አገኘሽ!» አለ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው እታለም ናት።

በማግስቱ የሄርሜላ ፊት ሽፍታ አወጣ። እታለም ኩፍኝን አይታ ታውቃለች፤ አልጠፋትም። አፍራም ፈርታም መጋረጃውን ዘጋች፣ ሐኪም አልጠራችም፣ በየነንም «ጉንፋን ነው በል» አለችው። ሄርሜላ ተንገላታ ዳነች። ሕፃኗ ሃይማኖት ግን ቆይታ ታመመች፤ ኩፍኙ ሳንባዋን ያዘው። አሁን ሆስፒታል ተኝታ በኦክስጅን ትተነፍሳለች።

እታለም የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ምኞትን አገኘቻት። ያልተኛ ዓይኗን ስታይ መዋሸት አቃታት።

«አበልጄ፣ ከኔ ቤት ነው የመጣው። ሄርሜላ ያን ቀን ኩፍኝ ይዟት ነበር። አላስከተብኳትም፤ ተስዬ ነው። ሲወጣባት ደግሞ አውቄ ደበቅሁሽ።»

ምኞት ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሐኪሟ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ወዲያው ብንሰማ መከላከያ እንሰጣት ነበር አለች።»

እታለም እግሯ ላይ ወደቀች። ጥፋቷ አሁን ገና ሙሉ ሆኖ ታያት፤ ማልቀስ እንኳ አፈረች። ምኞት ክንዷን ይዛ አነሣቻት።

«ተነሺ። የክርስትና እናቷ ነሽ፤ ልፋቀው ብል አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ለልጄ ስለት እንዳትሳዪላት።»

እታለም ግን ወደ ሆስፒታሉ ስትመጣ፣ ባቡሩ ብሪን ጣቢያን ሲያልፍ፣ ለሕፃኗ ተስላላት ነበር።