የእትዬ ቦሰና ሂተር

ወንድይፍራው አውቶቡሱን መከተል የጀመረው ሳያስበው ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ፣ ከጎኑ በቆመው አውቶቡስ መስኮት አክስቱን እትዬ ቦሰናን አያቸው። ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ ነጠላቸውን ከላይ ደርበው፣ ጭንቅላታቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ተኝተዋል።

ከአንድ ሰዓት በፊት ደውሎላቸው ነበር። "ቤቴ ነኝ፤ በዚህ ብርድ የት እሄዳለሁ? ሞቆኝ ቁጭ ብያለሁ" ነበር ያሉት።

መብራቱ ሲለቀው ወደ ኤርፖርት የሚወስደውን መንገድ ተወና ከአውቶቡሱ ኋላ ገባ። ታክሲው ባዶ ነው። ከሌሊት ጀምሮ መሪ ይዞ የጫነው ሁለት ሰው ብቻ ነው። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ከመጡ ወዲህ የታክሲ ሥራ ማለት ኤርፖርቱ ግቢ ውስጥ ተራ እየጠበቁ ወንበር ላይ መተኛት ሆኗል። ዓይኑ በእንቅልፍ ማነስ ቀልቷል፤ ወገቡም የራሱ አልመስል ብሎታል።

አውቶቡሱ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹን አለፈ። የእትዬ ቦሰናንም ፌርማታ አለፈ። እሳቸው አልወረዱም። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ሲራገፍ አብረው ወረዱና መንገዱን ተሻግረው፣ ወደ መጡበት የሚመልሰውን አውቶቡስ መጠበቅ ጀመሩ።

"ነገ እንገናኝ፣ ማማ!" አለቻቸው ሹፌሯ በመስኮት። እሳቸውም እንደ ቆየ ወዳጅ እጃቸውን አነሱላት።

ወንድይፍራው መኪናውን አዙሮ አጠገባቸው ቆመ።

"እትዬ!"

"ውይ ወንድዬ! አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?"

"እርስዎስ? ቤቴ ነኝ አላሉኝም?"

"ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ ብዬ።"

"ፋርማሲው እኮ ከቤትዎ ሥር ነው።"

"እግሬንም ላፍታታ ብዬ ነዋ።"

"በአውቶቡስ?"

እትዬ ቦሰና የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው እንደ ተሳፋሪ ገቡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ የተነጋገሩት ስለ መንገዱ መጨናነቅ ብቻ ነው።

እትዬ ቦሰና የሚኖሩት ከፌርፋክስ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ነው። ሎስ አንጀለስ ብርድ አያውቃትም የሚል ሰው በጥር ወር እዚያ ቤት አላደረም። መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያው ደግሞ ግድግዳው ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሂተር ነው፤ መብራት እንደ ውሃ ይጠጣል። የመብራቱ ክፍያ ቢል የሚመጣው በወንድይፍራው ስም ነው። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት የመጣውን ሲያይ ቁጥሩ የተሳሳተ መስሎት ደውሎ ጠይቆ ነበር። አልተሳሳተም።

"እኛ ጋ ኢንግልዉድ ቢመጡ አይሻልም?" ብላ ነበር ያኔ ሚስቱ ሥርጉት። "ከልጃችን ከማቲ ጋር አንድ ክፍል ይበቃቸዋል። ቤት ኪራዩም መብራቱም አለቀ ማለት ነው።"

ክፉ ሆና አይደለም። ቀን ፓርኪንግ ካሸር ናት፤ ከዚያ ሄዳ ደግሞ የሰው አዛውንት ታጥባለች። የደከመው ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

ወንድይፍራው ግን አክስቱን ከቤታቸው ሳያወጣ ወጪውን ለመቀነስ ቆርጦ ተነሳ። መስኮቶቹን በፕላስቲክ ሸፈነ፣ የበሩን ዳር በስፖንጅ ደፈነ፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለ። ሂተሩንም መጠነኛ ሙቀት ላይ አድርጎ፣ "ከዚህ አያስበልጡት፣ ሲወጡ ደግሞ ያጥፉት" ብሎ አሳያቸው። ቢሉ ወረደ። በሚቀጥለውም ከዚያ ይበልጥ ወረደ። ወንድይፍራው ከመደሰቱ የተነሳ ኤርፖርት ተራ ለሚጠብቁት ሹፌሮች ሁሉ ስልኩን እያወጣ አሳየ። ጓደኛው ፍስሐ "የእናቴን ቤትም ሥራልኝ፣ እከፍልሃለሁ" እስከማለት ደረሰ። ሰውየው በትንሽ ስፖንጅ ራሱን ኢንጂነር አድርጎ ሹሞ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን እትዬ ቦሰና በሩን ከፍተው አስገቡት። ቤቱ ከውጭው የባሰ ይበርዳል። ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ሂተሩ ሄደው አበሩት።

"ቁጭ በል፤ አሁን ይሞቅልሃል።"

ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ አቧራ ሸተተው። ብዙ ቀን ሳይበራ የሰነበተ ሂተር ሲበራ እንዲህ ነው የሚሸተው። ወንድይፍራው የሚመጣው እሑድ እሑድ፣ ያውም አስቀድሞ ደውሎ ነው። ሲገባ ቤቱ ሞቆ፣ ሽታውም ጠፍቶ ይጠብቀዋል። አንድም ቀን አልጠረጠረም።

"እትዬ፣ ይሄን ሂተር መቼ ነው ያበሩት?"

"አሁን። እያየኸኝ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"እሑድ፣ አንተ ስትመጣ።"

"በሌላው ቀንስ?"

"በሌላው ቀን ማን ይመጣል?"

ወንድይፍራው ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ደፍኜ አሞቅኩት ያለው ቤት ውስጥ አሮጊት ሴት በካፖርት ስትኖር ከርማለች። ለሹፌሮቹ ሁሉ ያሳየው ቢል ትዝ ሲለው አፈረ።

"እና ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚውሉት?"

"ቀኑን ሙሉ እንኳ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ነው። ይሞቃል እኮ። ሹፌሯም ደግ ናት።"

"ሌሊትስ?"

"ሌሊት ብርድ ልብስ አለ። በስልክ ተሰብስበን የምንጸልየውም አለ። ከነካፖርቴ ጋደም ብዬ አሜን እላለሁ። ጌታ እንደሆነ የለበስኩትን አይጠይቀኝም።"

ሊያስቁት ፈልገው ነበር። እሱ ግን ሳቅ አልመጣለትም።

"ለምን? መክፈል አቃተኝ አልኩዎት? ታመው ቢወድቁስ እኔ ምን ይሰማኛል?"

እትዬ ቦሰና የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ያፍተለትሉ ጀመር።

"አንተ አላልክም። ግን አንድ ቀን ስልኩን ሳትዘጋው፣ ሥርጉት 'እኛ ጋ ይምጡ' ስትልህ ሰምቻለሁ። አልፈርድባትም፤ ልጅቷ ደክሟታል። ግን ወንድዬ፣ እናንተ ቤት ብገባ ከማን ጋር እውላለሁ? አንተ መንገድ ላይ፣ እሷ ሥራ፣ ልጁ ትምህርት ቤት። ያለ መኪና የትም አይኬድም። እዚህ ወደ ፌርፋክስ ብቅ ካልኩ 'እንደምን አደሩ' የሚለኝ ሰው አላጣም። መብራቱ ካልበዛ ማንም ከቤቴ አያነሳኝም ብዬ ነው።"

ወንድይፍራውን እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ አንድም ቀን ወጪህ በዛ ብለውት አያውቁም።

"ማንም አያነሳዎትም" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ግን ይብራ። ቢሉ የእኔ ጣጣ ነው። እሺ?"

"እሺ።"

ቶሎ ነው እሺ ያሉት፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። እትዬ ቦሰና ቶሎ እሺ ካሉ አያደርጉትም። ዓይንዎን ይታዩ ሲላቸው እሺ እያሉ ድፍን ዓመት አሳልፈዋል። ሊከራከራቸው ፈለገና አቅም አጣ። ቤቱ እየሞቀ ነበር። ጫማውን አወለቀ፣ ጀርባውን ደገፍ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውስም።

ሲነቃ ጋቢ ለብሷል። ሂተሩ አሁንም ይሠራል። እትዬ ቦሰና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ካፖርቱንም ሻሹንም አውልቀው፣ ሽበታቸውን ፈተው በቀስታ ያበጥራሉ። ፊታቸው ወዝ አውጥቷል። እንዲህ ተዝናንተው ካያቸው ስንት ጊዜው እንደሆነ ሊያስታውስ አልቻለም።

"አላጠፉትም?" አላቸው።

"ሰው ተኝቶ? ምን ነካህ አንተ!"

ስልኩ ጮኸ። ሥርጉት ነበረች።

"የት ነህ? ፍስሐ ኤርፖርት አልመጣም ብሎ ደወለልኝ። ደነገጥኩ እኮ።"

"እትዬ ጋ ነኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።" ቀና ብሎ አክስቱን አያቸውና ድምፁን ሳይቀንስ ቀጠለ። "ስሚ ሥርጉት፣ መኪና ውስጥ መተኛቱን ወገቤ አልቻለውም። ከእንግዲህ እረፍት ሳደርግ እዚህ እየመጣሁ ነው የማርፈው። ስለዚህ መብራቱ ከፍ ብሎ ከመጣ እኔ ነኝ። እንዳትደነግጪ።"

"ሥራውስ?"

"ማታ ማታ ትንሽ እጨምራለሁ።"

ከወዲያ በኩል ረዥም ትንፋሽ ተሰማ። "ኦኬ" አለች ሥርጉት በመጨረሻ። "ብቻ እውነት ተኛ።"

ስልኩን ሲዘጋ የእትዬ ቦሰና ማበጠሪያ ቆሞ ነበር።

"እውነት ወገብህን ያምሃል?"

"በጣም።" ይሄስ ውሸት አልነበረም።

"እና ነገም ትመጣለህ?"

"ካላስቸገርኩዎት።"

"ምን ማለት ነው ማስቸገር! ስንት ሰዓት እንደምትመጣ ብቻ ንገረኝ፤ ቀደም ብዬ እንዳበራልህ።"

ስድስት ሰዓት ሊል አፉን ከፈተ። ስድስት ሰዓት ቢላቸው ግን ለስድስት ሰዓት ትንሽ ሲቀረው ያበሩታል፤ እግሩ ከበሩ ሲወጣ ያጠፉታል።

"ሰዓቱን እኔም አላውቀውም" አለ። "የታክሲ ነገር ነው። ጠዋትም ልመጣ እችላለሁ፣ ማታም። አንዳንዴም ሌሊት።"

"ስትመጣ አትደውልም እንዴ?"

"ከእንግዲህ አልደውልም።"

እትዬ ቦሰና ማበጠሪያውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ለረዥም ጊዜ አዩት።

"እንግዲያው ሳላጠፋ ልጠብቅህ ነዋ?"

"ይጠብቁኝ" አለና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።