ሰርጡ፣ ቧንቧውና የወጥ ቤቱ ጠብታ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ምላጭ ነበር የሚሏት። ፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ፣ ያውም ኮሪደሩ ጫፍ መድረሷን አረጋግጠው። እሷ ግን ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። ሥራዋ የሌሎችን ጥናት መመርመር ነው። መንገድ ልሥራ፣ ግድብ ልገድብ፣ ያዋጣል የሚል ሁሉ በእሷ ጠረጴዛ ማለፍ አለበት፤ ከጠረጴዛዋ ደግሞ ሳይቆራረጥ የሚያልፍ ጥቂት ነው። አንድ ወጣት መሐንዲስ ስለ ማቀዝቀዣ መጋዘን ያቀረበው ጥናት መብራት አይጠፋም ብሎ ስለሚነሳ ብቻ፣ በስብሰባ መሃል እንዲህ ያለ አገር ካለ አድራሻውን ስጠኝና ጠቅልዬ ልሂድ ብላው፣ ልጁ መጸዳጃ ቤት ገብቶ አለቀሰ ይባላል።

በዚያ ሰሞን የሚመዘነው ነገር ግን መጋዘን አልነበረም። የአገሩ ነዳጅ ወደ ውጭ የሚወጣው በአንድ ጠባብ የባሕር ሰርጥ ነው። በሰርጡ ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤታሞች ከተጣሉ ወዲህ መርከብ ይመታል፤ ያልተመታው ደግሞ ሰርጡ አፍ ላይ መልሕቁን ጥሎ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ከላይ ላሉት ሰዎች አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ነዳጁን በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ እስከ ሌላኛው ባሕር ዳርቻ በቧንቧ መውሰድ። ካርታ ላይ ሲያዩት ያምራል። ጣትና ካርታ ያለው ባለሥልጣን ሁሉ አንዴ ቀጥ ያለ መስመር ካሰመረ አገር ያዳነ ይመስለዋል፤ ከመስመሩ ሥር ተራራ አለ ወይ፣ ሰው አለ ወይ፣ ያ ሰው ምን ይላል ብሎ መጠየቅ የሱ ሥራ አይደለም። ያንን የምትጠይቀው ምላጭ ናት። ቧንቧው ሰርጡን ይተካል ወይስ አይተካም? ኮሚቴው መልሱን ከእሷ ይጠብቃል።

ኮሚቴው ያላወቀው አንድ ነገር ነበር፤ እሷም አልተናገረችም። የምላጭ ባል የነዳጅ ጫኝ መርከብ መካኒክ ነው። መርከቡ ደግሞ ያን ጊዜ ሰርጡ አፍ ላይ ቆሟል።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባል ባሕር ላይ ሲሆን ምላጭና አማቷ ብቻ ይቀራሉ። አማቷ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሴት ናቸው፤ ለራዲዮ ዜና ደንታ የላቸውም፣ የባሕሩን የአየር ጠባይ ሲናገር ግን ድስቱ ቢያርም ከወንበራቸው አይነሱም። መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለው ከምራታቸው ጋር ካልተጨቃጨቁ ቀኑ የመሸ አይመስላቸውም። አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል። መካኒኩ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ፣ ስመለስ እኔ እሠራዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካው ብሎ ነበር። ምድር ቤት የሚኖረው ቧንቧ ሠራተኛ ቢጠሩት ሻዩ ሳይበርድ ጨርሶ ይወርድ ነበር። ማንም አልጠራውም። ከጠብታው ሥር አንድ አሮጌ ድስት ተደቅኗል፤ ሲሞላ ቀድማ ያየችው ትደፋዋለች።

«ለመሆኑ» አሉ አማቷ አንድ ቀን ድስቱን እየደፉ፣ «ያ የመንግሥት ቧንቧ በእኛ በኩል ያልፋል?»

«አያልፍም፣ እማማ።»

«ካለፈማ ይሄንንም እግረ መንገዳቸውን ይሥሩልን ብዬ ነው።»

ባልና ሚስቱ የተዋወቁት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው፣ ሰልፍ ጥሰሃል አልጣስኩም ተባብለው። ክርክሩ አውቶቡሱ ውስጥ ቀጠለ፤ እሱ መውረጃውን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ቢጠየቁ ስንከራከር ነው የሚሉ ይመስለኛል። ምላጭ ልመና የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። የምትፈልገውን ነገር ትክክል መሆኑን ታስረዳለች፤ ሌላው ሰው መልስ ሲያጣ የፈለገችው ነገር ይሆናል። እባክህ የሚለው ቃል አፏ ላይ ባዕድ ነው። ባሏ በሄደ ቀን እንኳ በር ላይ ቆማ የነገረችው ስለ መርከቡ የኢንሹራንስ ውል ክፍተት ነበር። እሱም ጫማውን እያሰረ፣ እውነትሽን ነው፣ ለካፒቴኑ እነግረዋለሁ ብሎ ሳማት። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው። ሌላ ነገር ልትለው ነበር። ምን እንደሆነ ግን በዚያን ቀን ብትጠይቋት አታውቀውም።

በስልክ ሲደውል ስለ ቧንቧው መጠየቅ ለምዷል። ቧንቧችሁ እንዴት ሆነ፣ እኔ ሌላ ሥራ ልፈልግ እንዴ እያለ ይስቃል። ሲያልቅ ትሰማለህ ትለዋለች። ሳቁ ሲያልቅ ስለ ሞተሩ ያወራል።

ጥናቷን ጨርሳ ለክፍል ኃላፊው ሰጠች። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ቧንቧው ሰርጡን ይተካል።

ኃላፊው ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው። ዓረፍተ ነገር ሁሉ በ«ግን» ስለሚጀምሩ ጋሽ ግን ይባላሉ፤ ግን ደህና አደራችሁ ብለው ገብተው ግን ደህና እደሩ ብለው ይወጣሉ። በማግስቱ አስጠሯት። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ የሻይ ብርጭቋቸው ዝንብ እንዳይገባበት በሳህኑ ተከድኗል፣ ጥናቱ ፊታቸው ተከፍቷል።

«ግን እነዚህ ነዳጁን ተራራ የሚያስወጡት ፓምፖች» አሉ፣ «መብራት አይጠፋባቸውም?»

መጠባበቂያ ጄኔሬተር አላቸው አለች።

«ግን ያን ልጅ ያስለቀስሽው በዚሁ አልነበረም?»

ምላጭ ቱግ አለች። እዚያ ባሕር ላይ ሰው እየተቃጠለ እርስዎ አምፖል ይቆጥራሉ አለቻቸው። ገና ያልተሠራ ነገር ሁሉ የሚያስፈራው ሰው አገር ሊመክር አይገባም አለች። ሌላም ብዙ አለች፤ ከጎን ያለው ክፍል ታይፕ መምታት አቆመ። ጋሽ ግን ሳህኑን አንስተው ሻያቸውን ቀስ ብለው አማሰሉ። ሰው እንዲህ ሲጮህባቸው የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ እሷም ስትጮህ እንዲሁ።

«ግን ሰርጡ ላይ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ቆጥረሻል» አሉ ስትጨርስ። «እዚህ ግን ብረት ብቻ ነው የማየው። ፓምፖቹን የሚጠብቅ፣ በረሃው ውስጥ የሚያድር ሰው የለም? ቧንቧ እኮ አካፋ ያለው ሁሉ ሊቆፍረው ይችላል።»

ምላጭ ጥናቱን ወደ ራሷ ስባ ገጹን ገለጠች።

«ባልሽ መቼ ነው የደወለው?» አሉ። ያለ «ግን» የጀመሩት ንግግር ሰምታ አታውቅም ነበር። ባሏ መርከብ ላይ መሆኑን ከማን እንደሰሙ አልጠየቀችም።

ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። የበሩ መስታወት እንደ ወትሮው አልተንቀጫቀጨም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ተያዩ።

ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጥናቱን እንደ ሌላ ሰው ጥናት አነበበችው። አፈረች። ያ ቧንቧ ሁሉ ነገር ቢሳካለት እንኳ ሰርጡ የሚያሳልፈውን ሲሶ ቢያሳልፍ ነው። ለክፉ ቀን ጥሩ መጠባበቂያ ነው፤ ምትክ ግን አይደለም። ቀሪው ነዳጅ ያው በመርከብ ነው የሚሄደው፣ መርከቦቹም ያው ሰርጡ አፍ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀው ነበር። የሰርጡን እንከን በአጉሊ መነጽር እያየች፣ የቧንቧውን እያየች እንዳላየች አልፋለች። ሌላ ሰው ቢያመጣላት እስከ ኮሪደሩ እየተከተለች ትሳደብ ነበር።

ለምን እንዳደረገችው ደግሞ ለማወቅ ምርመራ አላስፈለጋትም። ያን ሁሉ ብረት በረሃና ተራራ አቋርጣ የዘረጋችው አገር ለማዳን አልነበረም። አንድ መካኒክ ሥራ አጥቶ እቤቱ እንዲገባ ነው። ባሏን ፍርሃት ይዞኛል ማለት ስላልቻለች ኮሚቴው እንዲልላት ፈልጋለች።

አዲሱን ጥናት ስትጽፍ ሦስት ቀን ሙሉ ከራሷ ጋር እየተሟገተች ነበር፤ ቢሮዋን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። በስብሰባው ቀን ተነሥታ መጀመሪያ ያለችው ይህን ነው፦ «ባለቤቴ ሰርጡ ላይ ባለ መርከብ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሥራውን ስትሰጡኝ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ከዚህ በኋላ የምለውን ሌላ ሰው ይመርምረው።»

ከዚያ ተናገረች። ቧንቧውን ሥሩት፣ ሰርጡ ቢዘጋ አገሩ ጨርሶ እንዳይጨልም ይረዳል፤ ለሕዝቡ ግን መርከብ ቀረ ብላችሁ እንዳትዋሹ አለች። ተራራው ላይ የሚያድሩትን ጠባቂዎችም ቁጠሯቸው፣ እነሱም ከቤት ነው የሚወጡት። ሰብሳቢው መስመሩን በገዛ ጣታቸው ያሰመሩት ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቃሉን ትንሽ ማለስለስ አይቻልም ወይ ብለው ጠየቁ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ ምላጭ ምኑ ይለሰልሳል ብሎ አንሾካሾከ፤ ጋሽ ግን መሀረብ አውጥተው ያልቆሸሸ መነጽር ጠረጉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ መስኮቱ በእማማ ፍላጎት ተከፍቷል። ምላጭ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እና ቧንቧው ቀረ?» አሉ።

«አልቀረም። መርከቦቹም አልቀሩም።»

እማማ ራዲዮውን ዘጉት። የአየር ጠባዩ ገና አልተነገረም ነበር። ወደ ወጥ ቤት ሄደው ያልሞላውን ድስት ደፉና መልሰው ደቀኑት።

«እኔ እንኳ ቧንቧሽን ወድጄው ነበር» አሉ ከዚያው ሆነው።

«እርስዎ ደግሞ ስለ ቧንቧ ምን ያውቃሉ?»

«ምንም አላውቅም። አንቺ በወደድሽበት ነው የወደድኩት።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ቤት አንድ ተስፋ ለየብቻ ደብቀው፣ ስለ መስኮት ሲጨቃጨቁ ከርመዋል።

ስልኩ ጠራ። እማማ ወደ መስኮቱ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡ። ሰው እንዲህ ቆሞ ውጭ የሚያየው ምንም እንዳልሰማ ለመምሰል ነው።

«እሺ» አለ ባሏ እየሳቀ፣ «ሥራ ፈት ሆንኩ?»

ማስረዳት ጀመረች። ሲሶ ብቻ ነው የሚያሳልፈው አለች፣ ስለ ተራራው አለች፣ ስለ ፓምፖቹ አለች። እሱ፣ እውነትሽን ነው፣ እውነትሽን ነው እያለ አዳመጠ። ሳቁ ግን ከድምፁ ወጥቶ ሄዷል። ሠራተኛ የምትቀይር ጀልባ በሚመጣው ሳምንት ትመጣለች አላት። መውረድ የሚፈልግ ስሙን ይስጥ ተብለዋል። እሱ አልሰጠም፤ አልሰጥም ብሎም አልተናገረም።

«እኔማ ቧንቧው ያዋጣል ካልሽ ሥራው ራሱ ያሰናብተኛል ብዬ ነበር» አለ። «ፈርቶ ወረደ ከመባል ይሻላል። አንቺም እንዲያ እንዳትዪኝ።»

ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማል። ወጥ ቤት ውስጥ ጠብታው ድስቱን ይመታል።

«ና» አለች።

በልማዱ፣ «ምክንያትሽ?» አላት። ያለ ምክንያት ተናግራው አታውቅማ።

ምክንያት ሞልቷት ነበር፤ የተመቱትን መርከቦች ከነስማቸው ታውቃለች። እሱ ሲወርድ በቦታው ሌላ መካኒክ እንደሚወጣ፣ ያም ሰው አንድ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው እንዳለውም ታውቃለች። ይህኛው ሚዛን ላይ ቢወጣ ወዴት እንደሚያጋድል ፈራች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳትመዝን ተናገረች።

«ምክንያት የለኝም። ና። እባክህ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠበቅ አደረገችው። ትንፋሹ ተሰማት።

«ያ የወጥ ቤቱ ቧንቧ» አለ፣ «ጎሚኒው፣ ያ ውስጡ ያለው ትንሹ ጎማ፣ ስንት ቁጥር ነበር? ጀልባዋ የምታወርደን ወደብ ላይ ካገኘሁ ገዝቼ ልምጣ።»

አታውቅም ነበር። የበረሃውንና የተራራውን ቧንቧ ስፋት በቃሏ ታውቃለች፤ የቤቷን አታውቅም።

«ግማሽ ኢንች ነው በይው» አሉ እማማ ከመስኮቱ ሳይዞሩ። «ሁለት ይያዝ። አንዱን ለመጠባበቂያ።»