«አይቼዋለሁ»

ፖሊሱ ከድንኳን ተካዩ እስከ ንፍሮ አቅራቢዋ ሁሉንም ሲጠይቅ የሺመቤትን ዘለላት። ባሏ ዳልጮ ሲሞት አጠገቡ የነበረችው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

«እማማን ተዋቸው፤ እሳቸው ስለ ጠመንጃ ምን ያውቃሉ?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«አንተ ሳትወለድ አውቃለሁ፣ ደረቅ!» ልትለው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ብትናገር ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ሞርሳ ላይ ማሰር! ዳልጮ እኮ ጃጅቶ ነበር።»

«እኔ እንኳ አላደርገውም።»

«አንቺማ ክብሪት ሲጫርም ትሸሺያለሽ» አለች የሺመቤት ሳትዞር። ሴቶቹ ንፍሯቸው ላይ አቀረቀሩ።

ዳልጮ የገረሴ ከተማን ሚሊሻ ጠመንጃ አርባ ዓመት ሲጠግን ሳያይ ያሰረው አንድም የለም። መጀመሪያ ይከፍተዋል፤ የጥይት መጉረሻውን አይቶ በትንሽ ጣቱ ይዳስሳል። ከዚያ ብረት ነክሶ የሚይዘውን የሞርሳውን መንጋጋ በቆዳ ይሸፍናል፣ አፈሙዙን ወደ አሸዋው ጆንያ ያዞራል። «በልክ አጥብቂ፤ ብረትም ይቆስላል» ይላታል።

ዓይኑ ከፈዘዘ ስድስት ዓመቱ ነበር። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ተቀበረ። የምታየውም የምታጠብቀውም እሷ ሆና ሳለ፣ ለሰው ሻይ አቅራቢ ነበረች።

ማክሰኞ ዕለት ሚሊሻው ይፍሩ መጣ። እጇን ብትዘረጋ ጠመንጃውን በራሷ ላይ አሳልፎ ለዳልጮ ሰጠው። «ለሴትዮዋ እንዳትሰጣት፣ ታበላሸዋለች» ብሎ ስቆ ሄደ።

ዳልጮም አብሮ ሳቀ። የእሱ ሳቅ ነው ያንገበገባት።

«አየሽው?» አላት።

«አይቼዋለሁ!»

አላየችም። ሳትከፍተው መንጋጋው መሃል ወሸቀችው። ዳልጮ ቃሏን አምኖ ዝገቱን በአውራ ጣቱ ሊዳስስ ወደ አፈሙዙ ዞረ። እሷ በንዴት የሞርሳውን እጀታ ስታዞር ጠመንጃው ተጠማዘዘ፤ ቃታው የጠረጴዛው ሚስማር ላይ ተያዘና ባረቀ።

ሽማግሌው ወልደ ሚካኤል ድንኳኑ ውስጥ በትሩን ተደግፎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አይዞሽ የሺ። እርጅና ነው። ዳልጮን አእምሮው ከዳው።»

«እኔ ነኝ የከዳሁት። ሳላይ አይቼዋለሁ አልኩት። ያሰርኩትም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኘ። «ዝም በይ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። ደግሞስ ማን ያምንሻል? ሴት ሞርሳ ታስራለች?»

«ስድስት ዓመት የተኮሳችሁት እኔ ባሰርኩት ጠመንጃ ነው!»

«እሺ፣ ለእኔ ነገርሽኝ፤ ይበቃል።»

«በጆሮ ተነግሮ የለቀቀ የጎሜ እርግማን የት ታውቃለህ? በደልን በሰው ፊት ካልተናገሩት ቤት አይለቅም ብለህ ስንቱን ስታናዝዝ ኖረህ፣ ለእኔ ሲሆን በሹክሹክታ?»

ወልደ ሚካኤል ሊነሣ ሲል በትሩ አመለጠው። የሺመቤት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፤ መሬት የወደቀ በትሩን አንሥታ መዳፉ ላይ አስጨበጠችው።

«ተነሥ። ሕዝቡን ዝም አሰኝልኝ፤ ፖሊሱንም ጥራው። መጀመሪያ አንተ ‹ዳልጮ አልተሳሳተም› በል። የቀረውን እኔ እናገራለሁ።»